«ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር» ሲል ራም ይገዛ? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በጎንደር ፒያሳ አካባቢ የቪዲዮና የፎቶ ሥራ የሚሠሩ ጠያቂ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ሰርቨር አላቸው። ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ራም፣ ሳስ3008 ቺፕ ያለበት የማከማቻ ካርድ፣ እንዲሁም በሶፍትዌር ሬይድ 6 (ሁለት ዲስክ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ዘዴ) የተያያዙ ስምንት የሳታ ሃርድ ዲስኮች ይዟል። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ፣ ከጃንተከልና ከአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የተቀረጸው ቪዲዮ በብዛት ሲገለበጥ ስምንቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ይህም አንዳንዴ መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ፣ አንዳንዴ ደግሞ መብራት ሳይሄድ ይደርሳል። ረዳታቸው ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከሚሞሪ አውርዶ በሞድፕሮብ ትእዛዝ መልሶ ለመጫን ሲሞክር ሎጉ (ማሽኑ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ላይ «ሞድፕሮብ፦ ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር፣ ኦርደር 9፣ ሞድ ጂኤፍፒ ከርነል፣ ጂኤፍፒ ዲኤምኤ32» የሚል መልእክት ይወጣና ሙከራው «ፌይልድ ዊዝ ኤረር −12» በሚል ያበቃል። ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ነገር ይመለሳል። ኮምፒውተር የሚጠግኑላቸው ሰዎች «ራሙ አንሷል፣ ወይም ተበላሽቷል፤ 32 ይግባበት» ብለዋቸዋል። ጠያቂው ማወቅ የፈለጉት ራሙን መግዛት እንዳለባቸው ወይስ ዲስኮቹ መሞታቸውን ነው።

ራሙን አይግዙ፤ ዲስኮቹም አልሞቱም። በላኩት ሎግ ውስጥ ያሉት ችግሮች ሁለት ናቸው፤ ኋላ የመጣው ጩኸታም ስለሆነ ፊት የመጣውን ሸፍኖታል። ስለ ሚሞሪ የሚያወራው ረጅም መልእክት የወጣው ዲስኮቹ ከጠፉ በኋላ፣ ረዳትዎ ድራይቨሩን መልሶ ሲጭን ስለሆነ ዲስኮቹን ያጠፋቸው እሱ ሊሆን አይችልም። ከእሱ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ግን «ኤምፒቲ3ሳስ፦ ሳስ ሆስት ኢዝ ነን ኦፐሬሽናል» የምትል አንዲት መስመር አለች (ኤምፒቲ3ሳስ የካርዱ ድራይቨር ስም ነው፤ መስመሯም ካርዱ እየሠራ አይደለም ትላለች)፤ ዋናዋ እሷ ናት። ሆኖም የጠየቁኝ ስለ ሚሞሪው ስለሆነ፣ እሱም ለብቻው መስተካከል ስላለበት፣ በእሱ እጀምራለሁ።

የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሚሞሪ የሚያድለው በፔጅ ሲሆን በእርስዎ ዓይነት ማሽን ላይ አንድ ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው። አንድ ድራይቨር ከአንድ ፔጅ የሚበልጥና በአካል ጎን ለጎን የተያያዘ ሚሞሪ ሲፈልግ፣ ከርነሉ የሚሰጠው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ እጥፍ በሚያድግ መጠን ነው። «ኦርደር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። ኦርደር 0 አንድ ፔጅ ነው፤ ኦርደር 3 ስምንት ፔጅ፣ ማለትም 32 ኪሎባይት ነው። የእርስዎ ኦርደር 9 ግን 512 ፔጅ፣ ማለትም አንድም ቦታ ሳይቋረጥ የተያያዘ 2 ሜጋባይት ይጠይቃል። ከርነሉ እስከ ኦርደር 3 ለሚደርስ ጥያቄ ብዙ ይደክማል፦ ካሽ (ለፍጥነት ሲባል በራም የተያዘ የፋይል ቅጂ) ያስለቅቃል፣ ፔጆችን ከቦታ ቦታ ያዛውራል፣ ሲብስበትም አንድ ፕሮግራም ገድሎ ቦታውን ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ጥቂት ሞክሮ «የለም» ማለትን ይመርጣል። በእርስዎ ሰርቨር ላይ አንድም ፕሮግራም ሳይገደል መልእክቱ ብቻ የወጣው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው «ሞድ» የሚለው ክፍል ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን የግዢውን ጥያቄ የሚዘጋው እሱ ነው። «ዲኤምኤ32» ማለት ለድራይቨሩ የሚሰጠው ሚሞሪ አድራሻው በ32 ቢት የሚገለጽ፣ ማለትም ከመጀመሪያው 4 ጊጋባይት በታች የሚገኝ መሆን አለበት ማለት ነው። ካርዱ ሚሞሪውን በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ስለሚያነብና ስለሚጽፍ፣ ድራይቨሩ ገና ሲነሳ ለጥንቃቄ ይህን ገደብ ያስቀምጣል። ስለዚህ ካለዎት 16 ጊጋባይት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚቆጠረው ከ4 ጊጋባይት በታች ያለው ብቻ ነው፤ ከእሱም ላይ ማዘርቦርዱ ለፒሲአይ መሣሪያዎች (በስሎቶቹ ላይ ለሚሰኩ ካርዶችና ለመሳሰሉት) አድራሻ የሚይዘው ስለሚቀነስ በተግባር የሚቀረው ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ጊጋባይት አካባቢ ነው። 16ቱን 32 ቢያደርጉት፣ 128ም ቢያደርጉት ይህ ክልል በአንድ ባይት እንኳ አይሰፋም። እርግጥ ነው፣ ራም ሲበዛ ከርነሉ ተራውን ሥራ ከላይኛው ክልል ስለሚያስተናግድ ታችኛው ትንሽ ይተነፍሳል። ይሁን እንጂ ቪዲዮ ሲገለበጥ የፋይል ካሽ ያገኘውን ባዶ ቦታ ሁሉ ስለሚሞላ፣ የከፈሉበት ገንዘብ የሚገዛልዎ ችግሩ የሚዘገይበትን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስዋፕ (በዲስክ ላይ እንደ ራም የሚያገለግል ቦታ) መጨመርም እንዲሁ አይረዳም፤ ካርድ በዲስክ ላይ ካለ ስዋፕ ላይ መጻፍ አይችልም።

አሁን በዚያው መልእክት ግርጌ ወዳለው የቁጥር ሰንጠረዥ እንምጣ። «ኖድ 0 ዲኤምኤ32» ብሎ የሚጀምረው የእርስዎ መስመር በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ ባለ 4 ኪሎባይት ቁራጭ 5200፣ ባለ 8 ቁራጭ 3100፣ ባለ 16 ቁራጭ 1450፣ ባለ 32 ቁራጭ 620፣ ባለ 64 ቁራጭ 210፣ ባለ 128 ቁራጭ 40፣ ባለ 256 ቁራጭ 6፤ ባለ 512፣ ባለ 1024፣ ባለ 2048 እና ባለ 4096 ግን ዜሮ። ሲደመር 108,736 ኪሎባይት፣ ማለትም 106 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህን ድምር ብቻ የሚያይ ሰው «106 ሜጋባይት ባዶ እያለ እንዴት 2 ሜጋባይት ይታጣል?» ቢል አይፈረድበትም። በሰርግ ዳስ ውስጥ እዚህም እዚያም መቶ ባዶ ወንበር እያለ አብረው የመጡ ሃያ እድምተኞችን ጎን ለጎን ማስቀመጫ እንደሚጠፋው ማለት ነው። ባዶ ሚሞሪ አለዎት፤ የሌለው የተያያዘው ነው።

ከየቁጥሩ አጠገብ በቅንፍ የተጻፉት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። «ኤም» ሊዛወሩ ከሚችሉ ፔጆች ክፍል የተገኘ ቁራጭ ነው፤ «ኢ» ከርነሉ ሲፈልግ ሊያስለቅቃቸው ከሚችላቸው፤ «ዩ» ደግሞ ከቦታቸው ንቅንቅ ከማይሉት። የቪዲዮ ፋይል ካሽ በአብዛኛው የሚዛወር ስለሆነ ያን ያህል አያሳስብም። የሚያስቸግሩት ከርነሉ ለራሱ የያዛቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም የፋይል ስምና የማውጫ መዝገቦች፣ የኔትወርክ ማቆያዎችና የመሳሰሉት ናቸው። በእርስዎ ሰርቨር ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ምስሎች መኖራቸውን ጽፈዋል፤ ሁለቱ የኤዲቲንግ ማሽኖች ማውጫውን በከፈቱ ቁጥር ከርነሉ የእያንዳንዱን ፋይል መዝገብ በሚሞሪ ይይዛል። ከእነዚህ አንዱ በ2 ሜጋባይት ሰፈር መሐል ከተቀመጠና ካልተለቀቀ ያ ሰፈር በሙሉ ለኦርደር 9 አይሆንም። ሰርቨሩ ሳይጠፋ በቆየ ቁጥር ይህ እየባሰ ይሄዳል። ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ ድራይቨሩ የሚነሳው ሚሞሪው ገና ሳይቆራረስ ስለሆነ የጠየቀውን ወዲያው ያገኛል። «ሪስታርት ሲደረግ ይሠራል» ማለትዎ ራሙ እንዳልተበላሸ የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው።

የተበላሸ ራም የሚናገረው በሌላ አንደበት ነው። ከርነሉ የራም ጉዳት ሲያገኝ «ሃርድዌር ኤረር» ወይም «ኢዳክ» የሚል መስመር ይጽፋል፤ ኢሲሲ (ስህተቱን ራሱ የሚያርም) ራም ከሆነም የታረመውን «ሲኢ»፣ ያልታረመውን «ዩኢ» ብሎ ይለያል። በላኩት ፋይል ውስጥ ከእነዚህ አንድም የለም። ሰርቨሩ ኢሲሲ የሌለው ተራ ራም ስለያዘ ግን ጉዳት ቢኖርም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሥራ በማይኖርበት ጊዜ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86+ን ከፍላሽ አስነስተው ቢያሳድሩት ጥርጣሬውን ያስወግዳል፤ ወጪም የለውም።

ስለ −12 አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ይህ ቁጥር በከርነሉ ቋንቋ «ሚሞሪ አላገኘሁም» ማለት ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ራምን አይመለከትም። ብዙ ድራይቨሮች የካርዱን የፒሲአይ አድራሻ ክልል ወደ ከርነሉ ማስገባት ሲያቅታቸውም ያንኑ −12 ይመልሳሉ። እንዲህ ሲሆን ግን «ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር» የሚለው ረጅም መልእክት አይወጣም፤ በምትኩ ከ−12 በላይ «ባር 0፦ ኖ ስፔስ» የሚል ዓይነት መስመር ይታያል፤ መፍትሔውም በባዮስ ውስጥ «አበቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚለውን መክፈት ወይም ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት ማዛወር ነው። የእርስዎ እንደዚህ አይደለም። ይህን የጻፍኩት −12ን ብቻ አይተው ራም የሚያስገዙ ሰዎች በብዛት ስላሉ ነው።

ታዲያ ድራይቨሩ ለምን ይህን ያህል ይጠይቃል? ካርዱ በአንድ ጊዜ ሊቀበል የሚችለው የትእዛዝ ብዛት 9,664 መሆኑን ሎግዎ ራሱ ይናገራል። ድራይቨሩ ለእነዚህ ሁሉ ትእዛዞች መያዣ ያዘጋጃል፤ ካርዱ መልስ የሚጽፍበትን ወረፋም በዚያው ልክ ይሠራል። አንዱ የመልስ ወረፋ 150 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። ፕሮሰሰርዎ ስምንት ኮር ስላለውና ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ወረፋ ስለሚመደብ፣ የእርስዎ ድራይቨር ደግሞ ስምንቱን በአንድ ላይ ስለሚጠይቅ ድምሩ 1 ሜጋባይትን ያልፋል፤ ከርነሉም በእጥፍ ብቻ ስለሚሰጥ ጥያቄው ወደ 2 ሜጋባይት ያድጋል። ኦርደር 9 የመጣው ከዚህ ነው። ድራይቨሩ አንዳንዱን መያዣ ሲከለከል የትእዛዙን ብዛት በ64 ቀንሶ ደግሞ ይጠይቃል፤ የመልስ ወረፋውን ሲከለከል ግን ተስፋ ቆርጦ −12 ይላል።

እዚህ ላይ ስሌቱን ልብ ይበሉ። አንድ የሳታ ዲስክ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ትእዛዝ 32 ነው፤ ስምንት ዲስክ ሲሆን 256። ለ256 ትእዛዝ 9,664 መያዣ ማዘጋጀት ለመቶዎች ዲስክ የተሠራ ካርድ ልማድ ነው እንጂ ለእርስዎ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ማስተካከያው ይህ ነው፦ በኢቲሲ ሥር ባለው የሞድፕሮብ ማውጫ ውስጥ ለኤምፒቲ3ሳስ ሞጁል «ማክስ ኪው ዴፕዝ» የሚለውን አማራጭ 1000 አድርገው ይጻፉ። የመልስ ወረፋዎቹ ድምር ወደ 130 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል፤ ከ128 ትንሽ ስለሚበልጥም ጥያቄው ባለ 256 ኪሎባይት ቁራጭ፣ ማለትም ኦርደር 6 ይሆናል። ከላይ ባነበብነው ሰንጠረዥ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቁራጭ 6 እንደነበረ ያስታውሱ፤ በዚያ ክፉ ሰዓት እንኳ ጥያቄው መልስ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ይህን ከጻፉ በኋላ የማስነሻውን ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን የፋይል ጥቅል) ማደስ አይርሱ፤ ሞጁሉ የሚጫነው ገና ከዚያ ስለሆነ ካላደሱት የጻፉት ነገር አይነበብም። ብዙ ሰው «አማራጩ አልሠራም» ብሎ የሚተወው በዚህች ምክንያት ነው። ከተነሳ በኋላ በሎጉ ላይ የትእዛዙ ብዛት መቀነሱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የመገልበጥ ፍጥነቱ ላይ ልዩነት አያዩም።

እስከዚያው ድረስ ችግሩ ከተደገመ፣ ሪስታርት ሳያደርጉ ሊሞክሩት የሚችሉት መንገድ አለ። በፕሮክ ሥር «በዲኢንፎ» የሚባለውን ፋይል ከፍተው የዲኤምኤ32ን መስመር ያንብቡ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከኦርደር 0 እስከ 10 ያለውን የቁራጭ ብዛት ያሳያል። ከዚያ «ሲንክ» ብለው (በራም ተጠባባቂ የሆነው ወደ ዲስክ እንዲጻፍ) በፕሮክ ሥር፣ በ«ሲስ» ውስጥ ባለው «ቪኤም» ማውጫ ወደሚገኘው «ድሮፕ ካሽስ» 3ን ይጻፉ፤ ቀጥሎም እዚያው ወዳለው «ኮምፓክት ሚሞሪ» 1ን ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፦ መጀመሪያ ካሹ ሲለቀቅ ለማዛወር የሚሆን ቦታ ይገኛል፤ ከዚያ የቀሩት ፔጆች ተሰባስበው የተያያዘ ሰፈር ይፈጠራል። በዲኢንፎን ደግመው ሲያዩት በቀኝ በኩል የነበሩት ዜሮዎች ካልተለወጡ የማይነቃነቁት ፔጆች በዝተዋል ማለት ነው፤ ያኔ ሪስታርት ከማድረግ ሌላ አማራጭ የለም።

በብዙ ቦታ የሚመከረውን «ሚን ፍሪ ኬባይትስ» የሚባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ግን ለእርስዎ አልመክርም። ይህ ቁጥር ከርነሉ ሁልጊዜ ባዶ የሚያቆየውን መጠን ይወስናል፤ ትንንሽ ጥያቄዎችን በአስቸኳይ ለሚያቀርቡ የኔትወርክ ድራይቨሮች ይረዳል፤ ባዶው የተያያዘ እንዲሆን ግን አያስገድድም። በ16 ጊጋባይት ማሽን ላይ ያለ ልክ ሲያሳድጉት ደግሞ ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት ሲገደሉ ያያሉ።

እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ካርዱ ለምን ዝም አለ የሚለው ነው። «ነን ኦፐሬሽናል» የሚለው መስመር የሚጻፈው ድራይቨሩ በየጊዜው የካርዱን ሁኔታ ሲያነብ ሁሉም ቢቶች 1 ሆነው ሲመለሱለት ነው። ፒሲአይ ላይ እንዲህ ያለ መልስ የሚመጣው በሌላው ጫፍ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው። ስምንቱ ዲስኮች እኩል መጥፋታቸውም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ስምንት ዲስክ በአንድ ሴኮንድ አይሞትም። የቀረው ጥርጣሬ ካርዱ ላይ፣ ስሎቱ ላይ ወይም ኃይሉ ላይ ነው።

ሙቀትና ኃይልን ለመለየት ሰዓት ያስፈልጋል። የሰርቨርዎ ሰዓት የተሞላው በዩቲሲ (ከኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው። የመጀመሪያዋ መስመር 10:31 ስትል በኢትዮጵያ ሰዓት 13:31፣ እኛ እንደምንናገረው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ማለት ነው፤ ሞድፕሮብ የተሞከረበት 10:42 ደግሞ 7 ሰዓት ከ42 ነው። ጀነሬተር የተነሳበትን ጊዜ በ7 ሰዓት ገደማ ብለው ጽፈዋልና፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የጠፋን ካርድ በመብራት መሄድ ማሳበብ ያስቸግራል። ሰዓቱን ሳይቀይሩ በማነጻጸራቸው ከሁለቱ አንዱን በስህተት የወነጀሉ ብዙ ናቸው። ከአሁን በኋላ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ደቂቃውን ወረቀት ላይ ይያዙ።

የላኩት የኬዙ ውስጥ ፎቶ ግን ብዙ ይናገራል። ካርዱ የተሰካው በተራ የዴስክቶፕ ኬዝ ታችኛው ስሎት፣ ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ነው፤ የብረቱ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሐል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ከፊቱም አንድም ፋን የለም። እነዚህ ካርዶች የራሳቸው ፋን የሌላቸው አየር ስለማይፈልጉ ሳይሆን፣ ከፊት ወደ ኋላ ኃይለኛ ነፋስ ለሚነፍስበት የሰርቨር ኬዝ ስለተሠሩ ነው። በዴስክቶፕ ውስጥ ሥራ ሲቀልላቸው ይቆያሉ፤ ሰዓታት የሚፈጅ ግልበጣ ሲመጣ ግን ይግላሉ፣ ግለውም ይዘጋሉ። መብራት ሳይሄድም መጥፋታቸው፣ ሁልጊዜም በግልበጣ ወቅት መሆኑ፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ቀድሞ የሚደረገው ይህ ነው፦ ሰርቨሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ አቧራውን በብሩሽና በአየር ያጽዱ፤ ካርዱን ከግራፊክስ ካርዱ ወደ ራቀ ስሎት ያዛውሩ፤ በማቀዝቀዣው ላይ 40 ሚሊ ሜትር ፋን ያስሩ። ካርዱ አሮጌ ከሆነም በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ይለወጥ። ራም ሊገዙበት ካሰቡት ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ይህ ወጪ የሚቆጠር አይደለም።

ፋኑ ከታሰረ በኋላ ለሙከራ ረጅም ግልበጣ ያስጀምሩ። ካርዱ ከዚያም በኋላ ከጠፋና የጠፋበት ደቂቃ ከጀነሬተር መነሻ ጋር ከገጠመ ወደ ኃይል ይሂዱ። መብራት ሲሄድ ወደ ባትሪ የሚቀይሩ ዩፒኤሶች ለመቀየር ጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ይወስዳሉ፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ ያንን ይሸከማል፤ ኮንደንሰሮቹ ያረጁበት ግን ዲስኮቹን ሙሉ ጭነት ላይ ይዞ ላይችል ይችላል። ያኔ ከዩፒኤሱ በፊት የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ስለ ቪዲዮው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካርዱ ሲጠፋ በራም ውስጥ ተጠባባቂ የነበረው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ሊኑክስ የተጻፈን ነገር ወደ ዲስክ ሳይልክ 30 ሴኮንድ ያህል ሊያቆይ ስለሚችል፣ ኮፒው «አልቋል» ያለዎት የመጨረሻዎቹ ፋይሎች ዲስክ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ፋይሎቹን ከምንጩ ጋር በቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር) ሳያነጻጽሩ የካሜራ ካርዶቹን አያጽዱ። ሬይዱ በራሱ ካልተነሳም በኤምዲአድም (በሬይዱ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) «ክሪኤት» የሚለውን፣ ሬይድ እንደ አዲስ የሚፈጥረውን ትእዛዝ ፈጽሞ አይስጡ። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዲስክ የኢቨንት ቁጥር (ሬይዱ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምረውን ቆጣሪ) ይመልከቱ፤ ቁጥሮቹ የሚቀራረቡ ከሆነ ያለውን ሬይድ መልሶ የሚያገጣጥመው «አሰምብል» ከ«ፎርስ» ጋር ይበቃል። በጥድፊያ የተጻፈ ክሪኤት የአንድ ዓመት ሥራ ይዞ ይሄዳል።

ሌሎች አንባቢዎችም ተመሳሳይ መልእክት ይዘው ስለሚመጡ፣ የእርስዎ ያልሆኑትን ዓይነቶች በአጭሩ ልጥቀስ። ኦርደሩ 0 ሆኖ ከመጣ ጉዳዩ መቆራረስ አይደለም፤ ሚሞሪው በእውነት አልቋል። ያኔ በሚምኢንፎ ውስጥ «ኤስ አንሪክሌም» የሚለው ቁጥር (ከርነሉ ለራሱ የያዘውና ሊያስለቅቀው የማይችለው ሚሞሪ) ከቀን ወደ ቀን የሚያድግ መሆኑን ማየት፣ ካደገም በስላብቶፕ ትእዛዝ የትኛው ክፍል እንዳበጠ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያፈስ ድራይቨር ምልክት ነው። «ስዊዮትኤልቢ በፈር ኢዝ ፉል» የሚለው ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ መድረስ ለማይችሉ መሣሪያዎች የተዘጋጀው ማሸጋገሪያ መሙላቱን ይናገራል፤ ማሸጋገሪያው ሳይነካ ሲቀር 64 ሜጋባይት ሲሆን በማስነሻ አማራጭ ይሰፋል። «ኤንቪኤምኢ፦ ፌይልድ ቱ አሎኬት ሆስት ሚሞሪ በፈር» ሲል መደንገጥ አያስፈልግም፤ የራሱ ራም የሌለው ርካሽ ኤስኤስዲ ከሰርቨሩ ሚሞሪ ሊበደር ፈልጎ ማጣቱ ነው፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

ዲስኮቹ በሥራ ላይ እያሉ፣ ድራይቨሩን ማንም ሳይነካው የሚመጣ የሚሞሪ መልእክት ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ነው። የማከማቻ ድራይቨር በሥራ መካከል ሚሞሪ ሲፈልግ ከርነሉን «ሌላውን ወደ ዲስክ ጽፈህ ቦታ አስለቅቅልኝ» ማለት አይችልም፤ ወደ ዲስክ የሚጽፈው ራሱ ነውና ሁለቱ ሲጠባበቁ ማሽኑ ይደርቃል። ለዚህም ጥያቄውን «ኖአይኦ» በሚል ምልክት ያቀርባል፤ ሲከለከልም ቀድሞ ያስቀመጠውን መጠባበቂያ ይጠቀማል። መጠባበቂያው አልቆ «ከርነል ሪሶርስ ኤረር» የሚል መስመር ከዲስኩ ስም ጋር ከታየ፣ ያ ሰርቨር በቀጥታ ሥራ እንዲያቆም ይደረግ።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ ፋኑን አስረው፣ የትእዛዙን ብዛት ቀንሰው ዲስኮቹ ደግመው ቢጠፉ፣ ረዳትዎ ድራይቨሩን ከማውረዱ በፊት የበዲኢንፎን ይዘት፣ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ደቂቃ፣ እንዲሁም «ነን ኦፐሬሽናል» ከሚለው መስመር በፊት ያሉትን ሁለት መቶ የሎግ መስመሮች ይላኩልኝ። ከሞድፕሮብ በኋላ ያለው አያስፈልገኝም።